ሃያ አራት ሊትር በደቂቃ

ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ ላይ ጭምብሉ በግራ ጉንጬ በኩል አፈሰሰ፤ ከተኛሁ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆኖኝ ነበር። አየሩ በጢሜ መሀል እየተሽሎከሎከ ወጥቶ ትራሱን መታና ከትራሱ ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ድምፁ አፉን የተያዘ ፊኛ ሲተነፍስ የሚያወጣው ዓይነት ነው። ቀጮ ቢኖር አፍንጫውን ይዞ "ማነው እሱ? ይውጣልን!" ይል ነበር። ቀጮ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከሞተ ሰባት ወር ከአራት ቀን ሆነው።

ያለውን በቅደም ተከተል ልቁጠር፤ ስቆጥር ልቤ ትንሽ ይመለሳል። የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ነበርኩ ማለት ይሻል ይሆናል። ከአስራ አንድ ሳምንት በፊት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። አርባ ሁለት ሰው ጭኛለሁ። መብራቱ ሁለት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ሁለት ጊዜ ቀላ፤ አንዲት ተሳፋሪ መጥታ በጃንጥላዋ እጀታ ትከሻዬን ነካች። እግሬ ፍሬኑ ላይ ስለነበረ ማንም አልተጎዳም። ፍሬኑ ላይ ባይሆንስ ኖሮ የሚለውን የድርጅቱ ሪፖርት አይጠይቅም፤ እኔ ግን በቀን አስር ጊዜ እጠይቃለሁ። ከዚያ ወደ ሐኪም ተላክሁ፤ ራሴ ላይ፣ ደረቴ ላይ፣ ጣቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው አስተኙኝና ጠዋት ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ፣ ተኝተው ሳሉ ትንፋሽዎ በሰዓት አርባ አንድ ጊዜ ይቆማል አለኝ። አርባ አንድ ጊዜ ሞቼ እነሳለሁ ማለት ነው? አልኩት። እንደዚያ አይባልም አለኝ። እንዴት እንደሚባል ግን አልነገረኝም።

መንጃ ፈቃዴ በፈቃድ ሰጪዎቹ መሳቢያ ውስጥ ነው። የሚመለሰው ማሽኑ ከመሰከረልኝ ብቻ ነው፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሃያ አንድ ቀን፣ በየቀኑ ቢያንስ አራት ሰዓት፣ የሚያመልጠው አየር በደቂቃ ከሃያ አራት ሊትር ሳይበልጥ። ማሽኑ የዳቦ ቅርጫት ያክላል፤ አየሩን በቱቦ ወደ ጭምብሉ፣ ከጭምብሉ ወደ ጉሮሮዬ ይገፋል፤ ጉሮሮዬ እንዳይዘጋ ነው። ጀርባው ላይ ትንሽ አንቴና አለው፤ የተኛሁትንም ያልተኛሁትንም ለእነሱ ይልካል። ከሃያ አራት ሊትር በላይ ያፈሰሰበት ሰዓት እንዳልተኛሁ ይቆጠራል። እስከ ትናንት አስራ ዘጠኝ ቀን አለፈ። የተቆጠረልኝ አስር ነው። የቀረው አስራ አንድ ቀን ነው። አስርና አስራ አንድ ሃያ አንድ። የማባክናት አንዲት ቀን የለችኝም፤ ዛሬ ከባከነች ከነገ ጀምሮ ብተኛ ትርፌ እንቅልፍ ብቻ ነው። የሥራ ውሌ ሹፌር ይላል፤ የመኖሪያ ወረቀቴ በውሉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ውሉ በፈቃዱ ላይ፤ ፈቃዱ በማሽኑ ላይ፤ ማሽኑ በዚህ ሲሊኮን ጎማ ላይ፤ ጎማው በጢሜ ላይ።

እስከዚያው አውቶቡስ አጥባለሁ። ማታ አስራ ሁለት ተኩል ገብቼ ጠዋት ሁለት ተኩል እወጣለሁ፤ ቀን እተኛለሁ። መስኮቱን በካርቶን ዘግቼዋለሁ፤ በካርቶኑ ጫፍ የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ እንደ ክር ይዘረጋል፤ ክሩ ከመብራት ማብሪያው ሲደርስ ስድስት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር አላወቅኩም። ማሽኑ ቀኑን የሚቆርጠው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሰው ሁሉ ማታ ይተኛል ብሎ ነው የተሠራው። እኔ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ስተኛ እኩለ ቀንን የሚሻገር እንቅልፍ ለማሽኑ የትናንትም የዛሬም አይደለም፤ ከሁለቱም ይሰርዘዋል። ስድስት ቀን እንደዚህ ሄደ። የጭምብል ባለሙያዋ፣ ፀጉሯን በእርሳስ የምትጠቀልል ዝምተኛ ሴት ናት፣ ነገሩን አይታ የማሽኑን ሰዓት አስር ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችው። አሁን ለማሽኑ ሌሊት ነው። ያመነኝ እሱ ብቻ ነው።

ጭምብል ሦስት ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያው አፍንጫ ብቻ የሚሸፍን ነበር፤ አፌ እየተከፈተ አየሩ በአፌ ወጣ፤ ምላሴ እንደ ጫማ ሶል ደርቆ ነቃሁ። ሁለተኛው አፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ትናንሽ ጎማዎች ያሉት ነው፤ ጢም ላለው የሚሻለው ይህ ነው አለችኝ ባለሙያዋ። የኔ አፍንጫ ግን ጠማማ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ቀጮ ለወፍ የወረወረው ድንጋይ ወፉን ስቶ እኔን አገኘኝ፤ የግራው ቀዳዳ ከዚያ ወዲህ ጠባብ ነው። እሱ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ደሜን አይቶ ከኔ በላይ አለቀሰ፤ እማዬ ማንን እንደምታባብል ግራ ገብቷት ሁለታችንንም ገረፈችን። ስለዚህ የቀረኝ ሦስተኛው ነው፤ አፍንጫና አፍ አንድ ላይ የሚሸፍነው፤ ጎማው ጉንጭና አገጭ ላይ የሚያርፈው፤ ማለትም ጢም ላይ።

"ጢምዎን ለምን አይላጩትም?" ብላኝ ነበር ባለሙያዋ።

"ኀዘን ላይ ነኝ።"

"ይቅርታ አላወቅኩም። እስከ መቼ ነው?"

"እናቴ እስክትሰማ።"

"ምኑን?"

"መሞቱን።"

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። ቅጹ ላይ ለእንዲህ ያለ ምክንያት ቦታ የለም አለችኝ፤ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "'ሌላ' በሚለው ሥር ልጻፈው?" ስትል ጠየቀች። ጻፊው አልኳት። አሁን እዚያ ፋይል ውስጥ ቀጮ "ሌላ" ሆኖ ተመዝግቧል።

ቀጮ የሞተው የሚሠራበት ሕንፃ መወጣጫ ተንዶ ነው፤ ያለበት አገር ከዚህ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ይሆናል። ወረቀቴ ለእድሳት ገብቶ ስለነበር መውጣት አልቻልኩም። የሥራ ጓደኞቹ ቀበሩት። የመቃብሩን ፎቶ ላኩልኝ፤ ከኋላ የቆመ ሰው ጣት ፎቶው ጥግ ላይ ገብቷል። አገር ቤት ያሉት ተሰብስበው መከሩ፤ እማዬ ግፊት አለባት፣ ቀስ ብለን እንነግራታለን ተባለ። ቀስ የተባለው ሰባት ወር ሆነው። ለእሷ የተነገራት ልጇ መርከብ ላይ ሥራ አገኘ፣ ባሕር መሀል ኔትወርክ የለም የሚል ነው። ለቅሶ አልተቀመጥንለትም። ድንኳን አልተጣለለትም። ለሱ የወጣለት ነገር ቢኖር እኔ አገጭ ላይ የበቀለው ነው። የመርዶው ዕለት መላጫዬን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት፤ እማዬ ሰምታ አልቅሳ፣ በቃ ተላጭ እስክትለኝ አልነካውም ብዬ። ግን እማዬ እንዴት ትለኛለች? ስለማታውቅ አትነግረኝም፤ እንዳታውቅ ደግሞ ፊቴን አላሳያትም። ካሜራዬ ተበላሽቷል እላታለሁ። "ሰባት ወር የማይጠገን ካሜራ ምን ዓይነት ነው? የሰለጠነ አገር አይደል ያለኸው?" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ባለፈው ሳምንት ቫዝሊን ሞከርኩ፤ ጢሜን ቀብቼ ጎማውን አጣበቅኩበት። ለሃያ ደቂቃ ያዘልኝ፤ ከዚያ ጭምብሉ እንደ ሳሙና ሙልጭ ብሎ ግንባሬ ላይ ወጣ። ማሽኑ ጠዋት ላይ ትንሽ ፊት ያሳያል፤ ጥሩ ከሆነ አረንጓዴ ፈገግታ፣ ካልሆነ ቀይ ኩርፊያ። የዚያን ቀን ቀይ ነበር። አሮጌ ካናቴራ ቀድጄ ከጎማው ሥር አደረግኩ፤ ቀይ። ማሰሪያውን አጠበቅኩ፤ አፍንጫዬ ላይ ቆሰለ፤ ቀይ። አውቶቡስ አብሮኝ የሚያጥብ ያገሬ ሰው አለ፤ ዕድሜው ስልሳ ተጠግቷል፣ ሁሉም "አለቃ" ይለዋል፣ የማንም አለቃ አይደለም። ቁስሉን አይቶ "ማነው በቴስታ ያለህ?" አለኝ።

"የእንቅልፍ ማሽን ጭምብል ነው፣ አለቃ።"

"እንቅልፍም በማሽን ሆነ? እኔ ስብሰባ ላይ ቁጭ ስል በነፃ ይመጣልኛል።" ብሩሹን ባልዲ ውስጥ ነከረና ጢሜን እያየ፣ "አንተ ልጅ፣ ከላይ አውሮፕላን አብራሪ፣ ከታች መነኩሴ ሆነህ እንዴት ትችለዋለህ? አንዱን ምረጥ" አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ እሱ ሳይስቅ፣ "ለወንድምህ እንደሆነ አውቃለሁ። የሞተ ሰው ግን ጢም አይቆጥርም፤ የሚቆጥሩት ቋሚዎች ናቸው" አለኝ። ውሃውን ከፍቶ ወደ ኋላው ጎማ ሄደ።

አምስት ሰዓት ከሃያ። ስልኩ ጮኸ። ድምፁን አላጠፋም፤ ሰባት ወር ሙሉ አጥፍቼው አላውቅም። ቀጮ በሞተበት ቀን ጠዋት ሦስት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሦስተኛ። ስልኩን አጥፍቼ ተኝቻለሁ፤ እንቅልፍ አይባልም፣ እንደ ድንጋይ ወድቄ ነበር፣ አሁን የበሽታውን ስም ባውቀውም። ምን ሊለኝ እንደነበር አይታወቅም። እህቴ "ሰላም ሊልህ ነው፣ ሌላ ምን ይኖረዋል" ትላለች። ሰላም ለማለት ሰው ሦስት ጊዜ አይደውልም። የወደቀው ከሰዓት በኋላ ነው። በመሀሉ አምስት ሰዓት ነበረ።

ጭምብሉን አወለቅኩ። የደወለችው እህቴ ናት፤ የሁላችን ታናሽ፣ ከእማዬ ጋር የምትኖረው።

"ጋሼ፣ ቀሰቀስኩህ?"

"አልተኛሁም። ሰላም ነው?"

"ሰላም ነው። እማዬ ነች። ዛሬም ከጠዋት ጀምራ ካሜራው ተሠራ ወይ እያለች ነው። ትናንት ስልኬን ወስዳ የጎረቤት ልጅ እንዲደውልላት ልታደርግ ነበር፤ ደርሼ ነው የቀማኋት። አንተ ራስህ አመመህ ብላ ነው የምታስበው መሰለኝ። ምግብ ትታለች።"

"ምን ልሁንላት ታዲያ?"

"ተላጭና አሳያት። እባክህ፣ ጋሼ። አንዴ ፊትህን ትይ፣ ትረፍ። ከዚያ መልሰህ አሳድገው።"

"ጢም እኮ እንደ ኮት አይደለም፣ እያወለቁ የሚለብሱት።"

"አውቃለሁ።"

"ለምን አንነግራትም? ሰባት ወር ሆነ እኮ።"

ከኋላዋ ሰው በር ላይ ምንጣፍ ሲያራግፍ ይሰማል። "ማነው የሚነግራት?" አለችኝ ቀስ ብላ። "አንተ ትነግራታለህ? በስልክ? እኔ ልንገራት? ብትወድቅ ማነው የሚይዛት፣ እኔ ብቻዬን?"

መልስ ያለኝ አስመስዬ "እሺ፣ አስብበታለሁ" ብዬ ዘጋሁ። አምስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት። ማሽኑ ዛሬ የቆጠረልኝን አየሁ፤ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። ሌላው ፈስሷል። ሥራ ለመግባት ሰባት ሰዓት ቀርቶኛል፤ በዚህ መሀል ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ማግኘት አለብኝ፣ ያለ ፍሳሽ። እህቴ ተላጭ ትለኛለች፤ ባለሙያዋ ተላጭ ትለኛለች፤ አለቃ አንዱን ምረጥ ይለኛል፤ ማሽኑ ይኮሳተራል። ያልተናገረው ቀጮ ብቻ ነው። እሱ ቢናገር ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ "ለኔ ብለህ ነው ፍየል የምትመስለው?" ይለኛል። ይህን አውቃለሁ ማለቴ ግን የሚመቸኝን መስማቴ ሊሆን ይችላል። የሞተ ሰው ምንጊዜም ከኛ ጋር ይስማማል።

መላጫውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። አቧራ ይዞታል። መጀመሪያ በመቀስ፤ ከዚያ በአረፋ። በግራ በኩል አገጬን ትንሽ ቆረጥኩት። መታጠቢያው ጥቁር ሆነ፤ መሀል መሀል ላይ ነጭ አለ፤ ነጩ መቼ እንደገባ አላየሁም። ውሃ ስለቅበት አልወርድ አለ፤ በጣቴ ሰብስቤ በወረቀት ጠቀለልኩት፣ ወረቀቱን ግን ቆሻሻ ውስጥ መጣል አቃተኝ። መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። የተላጨው ቆዳ ከሌላው ፊቴ ይልቅ ነጣ ያለ ነው፤ ሌላ ሰው አገጩን ያበደረኝ ይመስላል።

ስድስት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደወልኩ። ስልኩን የያዘችው እህቴ ናት፤ ከዚያ እማዬ ነጠቀቻት። መጀመሪያ ጣሪያው ታየ፣ ቀጥሎ ጆሮዋ፣ ከዚያ ፊቷ። ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ ከኋላዋ ግን ፀሐይ ግቢውን ሞልቶታል።

"በረደሽ እንዴ፣ እማዬ?"

"እርጅና ነው። ተወኝና አንተ ቀረብ በል። ቀረብ። ዞር በል እስቲ። በዚያ በኩልም።"

ዞርኩላት። አፍንጫዬ ላይ ያለውን ቁስል የምታይ መስሎኝ ትራስ ነው ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ አፍንጫዬ አልጠየቀችኝም። አውራ ጣቷ ወደ ካሜራው መጣ፣ ስክሪኑን ሞላው፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። ስልኩን እየዳሰሰች ነው። "ልጭት ብለሃል" አለች።

"ተላጭቻለሁ።"

"ሁልጊዜ ነው የምትላጨው?"

ዝግጅት ያላደረግኩበት ጥያቄ ነው። "ሁልጊዜ ነው" አልኳት።

"እሰይ። እሰይ የኔ አባት።" ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ የፊት ጥርሷ አንዱ መውለቁን ያየሁት ያኔ ነው። "በል ተኛ። ደክሞሃል። ተኛ ልጄ፣ እኔም አሁን እህል እቀምሳለሁ።" ዘጋችው፤ አዘጋጉን ስለማታውቅበት ከመዘጋቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ወለሉንና ሁለት ባዶ እግር አየሁ። እግሮቹ ይራመዱ ነበር፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ።

ቀለል ብሎኛል ብዬ ልመዝግብ፤ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ከሰባት ወር ወዲህ ያላደረግኩትን አደረግኩ፤ የስልኩን ድምፅ አጠፋሁ። ካሁን በኋላ ማን ይደውላል? እማዬ አይታኛለች፤ እህቴ አርፋለች፤ እኔ ደግሞ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ያስፈልገኛል። ጭምብሉን አጠለቅኩ። ጎማው ቆዳዬ ላይ ሲያርፍ አንድ ነገር ይሰማኛል፣ እንደ ክዳን ነው፣ ገጠመ። ድምፅ የለም። አየሩ ይገባል፣ ይወጣል፣ በሚወጣበት በር ብቻ ይወጣል። የብርሃኑ ክር ከማብሪያው አልፏል። እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቀጮ ድንጋዩን ይዞ ወፉን ሲያነጣጥር፣ እኔ ከዛፉ ሥር ስቆም፣ ወደ ጎን በል ሲለኝ፣ ወደ ጎን አላልኩም፣ ከዚያ ምንም የለም።

አስር ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ በማሽኑ ደወል ነቃሁ። ፊቱ አረንጓዴ ነው። የተቆጠረው አራት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ደቂቃ፤ ያመለጠው አየር በደቂቃ ሁለት ሊትር። አስራ አንደኛው ቀን ገባ። ራሴ ቀሎኛል፤ በዓመታት ውስጥ እንዲህ ነቅቼ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ የሚነቃው? ስልኩን አነሳሁ። ያልተመለሰ ጥሪ፣ ሦስት። ሁሉም ከእህቴ። አንድ፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ቆየት ብሎ። ወዲያው ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ተኝተህ ነበር?"

"ተኝቼ ነበር። ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም። ደህና ነች።" ድምጿ ግን የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነው። "ደህንነቷ ነው ያስደወለኝ።"

"ንገሪኝ።"

"ታውቅ ነበር፣ ጋሼ። ከአምስት ወር በፊት፣ ቀጮ ከነበረበት አገር የተመለሰች ሴት ገበያ አግኝታት እግዜር ያጥናሽ ብላታለች። ለማንም አልተናገረችም። እናንተ ከደበቃችሁኝ እኔም እደብቃችኋለሁ ብላ ይዛው ቆየች። ካፖርቱን አየኸው አይደል? እኛ ብርድ ነው ብለን። ከሥሩ ጥቁር ለብሳ ነው የከረመችው።"

"አሁን ነገረችሽ?"

"አሁን፣ እየሳቀች። እርግጠኛ አልነበረችም። 'እዚህ ያለው ሁሉ ይዋሻል፣ የታላቁ አገጭ ግን አይዋሽም' አለችኝ። 'ወንድሙ ሞቶ የሚላጭ ልጅ አልወለድኩም' አለች። ሴትየዋ ሰው ተሳስታ ነው ብላለች። በላች፣ ጋሼ። ገላዋን ታጠበች። አበባ ያለውን ቀሚሷን ለብሳ ደጅ ተቀምጣ፣ መርከቡ ሊመለስ ነው እያለች ለጎረቤት እየተናገረች ነው።"

ማሽኑን አላጠፋሁትም፤ ጭምብሉ ጭኔ ላይ ሆኖ ባዶውን ይነፍሳል። "ጥቁሩስ?" አልኳት።

"አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች" አለችኝ። "ከፊቴ ነው ያለው። ውሃው ገና ይንጠባጠባል።"